ንዋንኮ ካኑ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዘዞ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ልጆቹ ሳላህንና ኦሲምሄንን አብጠርጥረው ያውቃሉ። አባቶቻቸውና ታላላቆቻቸው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ሲቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ካኑ ጋ ይደርሳል። ልጁ "ኮች፣ ካኑ ማን ነው?" ይለኛል። አባትየው ደግሞ "እስቲ አንተ ንገራቸው!" ይለኛል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁትን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካኑ ማን ነው? ባጭሩ ንገረን።

ናይጄሪያዊ አጥቂ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1976 ኦዌሪ ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ97 ነው። በሀገሩ ለኢዋንያንዉ ናሽናል ተጫወተ። በ1993 ጃፓን ላይ ናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስታነሳ ከቡድኑ ኮከቦች አንዱ እሱ ነበር። ፍጻሜው ከጋና ጋር ነበር፤ 2 ለ 1 አለቀ። አያክስ እዚያ አየውና ወሰደው። ከዚያ ኢንተር ሚላን፣ አርሰናል፣ ዌስት ብሮምዊች እና ፖርትስማውዝ ተከታተሉ። ኳስ ያቆመው በ2012 ነው። በ1996 እና በ1999 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል።

ስንት ዋንጫ አነሳ?

ብዙ። ከአያክስ ጋር 3 ጊዜ የሆላንድ ሊግን፣ በ1995 ደግሞ ቻምፒየንስ ሊግን። ቪየና ላይ ኤሲ ሚላንን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ካኑ በሲዶርፍ ቦታ ተቀይሮ ገብቶ ነበር፤ ገና 18 ዓመቱ ነው። ከኢንተር ጋር በ1998 የዩኤፋ ካፕን፣ ማለትም የዛሬውን ዩሮፓ ሊግ። ከአርሰናል ጋር 2 ጊዜ ፕሪሚየር ሊግን፣ 2 ጊዜ ኤፍኤ ካፕን፣ ማለትም የእንግሊዝን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ። ከፖርትስማውዝ ጋር አንድ ተጨማሪ ኤፍኤ ካፕ። ከናይጄሪያ ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ።

ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። አያክስ በ1994/95 የውድድር ዘመን ሊጉን ሳይሸነፍ ጨረሰ። አርሰናልም በ2003/04 እንዲሁ። ካኑ በሁለቱም ቡድን ውስጥ ነበር። አርሰናል በዚያ ዓመት በሊጉ ያሰለፈው 10 ጨዋታ ላይ ነው፤ ግን ነበር።

ጎሎቹ ጥቂት ናቸው። ለምን ታላቅ ይባላል?

ይህንን የሚጠይቁኝ ከ20 ዓመት በታች ያሉት ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን ያሳዩኛል። ለአርሰናል በሁሉም ውድድር 197 ጨዋታ፣ 44 ጎል። ለአጥቂ ብዙ አይደለም። እውነት ነው።

ግን ቁጥሩ የማይነግራችሁ አለ። ካኑ አርሰናል ሲገባ ፊት ላይ በርካምፕና አኔልካ ነበሩ። አኔልካ ሄዶ ኦንሪ መጣ። በዚህ ሰልፍ ውስጥ ካኑ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ነው። 20 ደቂቃ ይሰጠዋል። ወይ ቡድኑ እየተሸነፈ ነው፣ ወይ ጨዋታው ታስሯል። እንዲህ ባለው ሰዓት የሚገባ ሰው ገና ሳይሞቅ ጨዋታውን መፍታት አለበት። እኔ ካኑን የምለካው በዚያ ነው።

ሌላም አለ። ያን ያህል ቁመት ይዞ በቴስታ የሚታወቅ አልነበረም። የሚታወቀው በእግሩ ነው። ኳስ ረጅም እግሩ ላይ ትጣበቃለች። ተከላካዩ ልቀማት ሲል የለችም። በሚያዝያ 1999 ሚድልስብሮ ላይ በተረከዙ ያገባትን ተመልከቱ፤ አርሰናል 6 ለ 1 ያሸነፈበት ጨዋታ ነው። በመጋቢት 2000 ደግሞ ዲፖርቲቮን 5 ለ 1 ሲረቱ በረኛውን ሶንጎን በአንዲት የእግር ማታለያ መሬት ላይ አስቀመጠው። እኛ ሰፈር አብዶ የሚባለው ይኼ ነው። ልዩነቱ፣ ካኑ አብዶ የሚሠራው ለጎል እንጂ ለጭብጨባ አልነበረም። ለልጆቼ ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ያ የብራዚል ጨዋታ ምንድን ነው? ትላልቆቹ ሁሉ የሚያወሩት?

የአትላንታ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ። ሐምሌ 31 ቀን 1996። ብራዚል ሮናልዶ፣ ቤቤቶ፣ ሪቫልዶ፣ ሮቤርቶ ካርሎስ፣ አልዳየር አላት። በረኛዋ ዲዳ ነው። በምድብ ጨዋታ ናይጄሪያን 1 ለ 0 አሸንፋለች። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ናይጄሪያ ታልፋለች ብሎ የሚወራረድ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

በመጀመሪያው አጋማሽ ብራዚል 3 ለ 1 መራች። ከእረፍት በኋላ ናይጄሪያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ኦኮቻ መታ፣ ዲዳ አዳነበት። በቃ፣ አለቀ ያስብላል። በ78ኛው ደቂቃ ኢክፔባ አገባ። 3 ለ 2። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከእጅ ውርወራ የተነሳች ኳስ ሳጥን ውስጥ ተነካክታ ካኑ ጋ ደረሰች። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቷል። ዲዳ ተወርውሮበታል። ሌላ ሰው ቢሆን በደመ ነፍስ ይለጋታል። ካኑ በእግሩ ጫፍ ብድግ አደረጋትና ዲዳ መሬት ላይ ሲወድቅ ዞሮ ከመረብ አገናኛት። 3 ለ 3።

ያኔ ወርቃማ ጎል የሚባል ሕግ ነበር። በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል፣ ጨዋታውም እዚያው ይቆማል። በጭማሪው ገና 4ኛው ደቂቃ ላይ ካኑ ተከላካዩን አልፎ በግራ እግሩ መታ። 4 ለ 3። ብራዚል ከፍጻሜው ውጭ።

ከ3 ቀን በኋላ በፍጻሜው አርጀንቲናን 3 ለ 2 አሸነፉ። የማሸነፊያዋን ጎል አሙኒኬ አገባ። ለአፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ እግር ኳስ ወርቅ ይህ ነው። የቡድኑ አምበል ካኑ ነበር፤ 20 ዓመት የሞላው ከፍጻሜው 2 ቀን በፊት ነው።

የልቡ ነገር እውነት ነው? ወይስ ወሬ?

እውነት ነው። እንዲያውም ስለ ካኑ አንድ ነገር ብቻ አውራ ብትሉኝ የማወራው ይህንን ነው።

በዚያው በ1996 ኢንተር ሚላን አስፈረመው። ክለቡ እንደ ደንቡ ሐኪሞቹ ጋ ላከው። ምርመራው ላይ የልቡ ቫልቭ ችግር እንዳለበት ታየ። ከልብ ወደ መላ ሰውነት ደም የሚያወጣው ትልቁ የደም ሥር አኦርታ ይባላል። መነሻው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ያ ቫልቭ በደንብ ካልሠራ ልብ ከአቅሙ በላይ ይለፋል። ሰውየው ተራ ኑሮ የሚኖር ከሆነ ላይታወቀው ይችላል። 90 ደቂቃ የሚሮጥ ከሆነ ግን በማንኛዋም ደቂቃ ሊጥለው ይችላል።

አስቡት። ብራዚልን የጣለው፣ አርጀንቲናን የረታው ልጅ ያን ሁሉ የሮጠው በዚያ ልብ ነው። ማንም አላወቀም፤ እሱም ጭምር። ሐኪሞች ኳስ እንደማይጫወት ነገሩት። የኢንተር ባለቤት ማሲሞ ሞራቲ ግን ልጁን አልጣሉትም። በኅዳር 1996 አሜሪካ ኦሃዮ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ልቡ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ1997 ወደ ሜዳ ተመለሰ።

ናይጄሪያውያን ይህ ነገር ለምን እንዳስደነገጣቸው ለማወቅ ወደ 1989 መመለስ ያስፈልጋል። ነሐሴ 12 ቀን 1989 ሌጎስ ላይ ናይጄሪያ ከአንጎላ ጋር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ትጫወት ነበር። ሳሙኤል ኦክዋራጂ የሚባል የ25 ዓመት አማካይ ሜዳው መሐል ወድቆ በዚያው ሞተ። ልቡ ከመጠን በላይ ተልቆ ነበር። ከካኑ ቀዶ ጥገና በኋላም በሰኔ 2003 የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎዬ ሊዮን ላይ ከኮሎምቢያ ጋር ሲጫወት ወድቆ ሞተ። የሱም የልብ በሽታ ነበር። ካኑና እነዚህ ሁለቱ የአንድ አህጉር ልጆች ናቸው። ሦስቱም ጠንካራ ነበሩ። ካኑን የለየው በሰዓቱ የተመረመረ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ዳነ?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ 15 ዓመት ያህል በትልቅ ደረጃ ተጫውቷል። ኳስ ካቆመ በኋላ በ2014 ግን እንደገና አሜሪካ ሄዶ የማስተካከያ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ልቡ አንዴ የታከመ ሰው ክትትሉን አያቋርጥም። ይህንን በተለይ ለወላጆች ነው የምናገረው።

ኢንተር ላይ ለምን አልተሳካለትም?

ሕይወቱን ያተረፈለት ክለብ ነው፤ ጨዋታ ግን አላገኘበትም። በሊግ 12 ጊዜ ተሰልፎ አንድ ጎል ብቻ አገባ። ፊቱ ላይ ሮናልዶ ነበር። በ1999 መጀመሪያ ላይ የአርሰናሉ አሰልጣኝ ቬንገር ወደ ለንደን ወሰዱት። ልቡ የተቀደደ ልጅ ለመግዛት ያኔ የደፈረ አሰልጣኝ ብዙ አልነበረም።

አርሰናል የገባ ዕለት "አጭበርብሯል" የሚባለውስ?

ማጭበርበር አይደለም። የካቲት 13 ቀን 1999 ነው። ኤፍኤ ካፕ፣ የአርሰናል ሜዳ ሃይበሪ፣ ከሸፊልድ ዩናይትድ ጋር። ለካኑ የመጀመሪያው ጨዋታ። የሸፊልድ ተጫዋች ተጎዳና በረኛቸው ኳሷን ወደ ውጭ አወጣት። ሬይ ፓርለር አውቱን ለሸፊልድ ለመመለስ ወረወረ። ካኑ ለእሱ የተወረወረች መሰለው። ሮጠና ይዟት ወደ መሐል አሻገራት። ኦቨርማርስ አገባ። ዳኛውም ሕግ አልተጣሰምና አጸደቀ። 2 ለ 1 አለቀ።

ሜዳው በቁጣ ተናወጠ። ቬንገር ጨዋታው እንደገና ይደረግ አሉ፤ ተፈቀደ። በድጋሚውም አርሰናል 2 ለ 1 አሸነፈ። ለልጆቼ ሁለቱን እነግራቸዋለሁ፦ ፊሽካ ካልተነፋ ጨዋታው አልቆመም፤ የሰው ጉዳት ግን ከጎል ይበልጣል። ካኑን በዚህ ጨዋታ የሚሰድበውን ሰው አልወድም። ልጁ አዲስ ነበር።

የቼልሲ ሜዳ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ያገባቸው ሦስቱ ጎሎች እንዴት ነበሩ?

ጎንደር ውስጥ ያለ የአርሰናል ደጋፊ ሁሉ በቃሉ የሚወጣት ጨዋታ ናት። ጥቅምት 23 ቀን 1999። ዝናብ። ሜዳው ውሃ አዝሏል። ቼልሲ በፍሎና በፔትሬስኩ ጎሎች 2 ለ 0 ይመራል። እስከ 75ኛው ደቂቃ ድረስ አርሰናል ምንም የለውም።

በ75ኛው አንድ አገባ። በ83ኛው ሁለተኛውን። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተከላካዩ ለማራቅ የመታት ኳስ በግራ መስመር በኩል ካኑን ነክታ ቀረች። በረኛው ዴ ሁይ ከጎሉ ወጥቶ መጣበት። ካኑ አለፈው። ግን ሲያልፈው ወደ መስመሩ ጫፍ ተገፋ፤ ጎሉን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ማዕዘን ላይ ደረሰ። ጎሉ ላይ ደሳዬና ለቡፍ ቆመዋል፤ ሁለቱም የዓለም ዋንጫ ያነሱ ተከላካዮች። ሁሉም ሰው ወደ መሐል ያሻግራል ብሎ ጠበቀ። እሱ በሁለቱ ራስ ላይ አዙሮ ከላይኛው መረብ ውስጥ ጨመራት። 3 ለ 2። 15 ደቂቃ፣ ሦስት ጎል።

የልብ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሦስት ዓመት አልሞላውም።

ከአርሰናል ከወጣ በኋላ ጠፋ አይደል?

አልጠፋም፤ እናንተ ናችሁ ማየት ያቆማችሁ። በ2004 ዌስት ብሮም ገባ። ቡድኑ በገና ሰሞን የሊጉ ጭራ ላይ ነበር። ግን በመጨረሻው ቀን ተረፈ። በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ በገና ሰሞን መጨረሻ ሆኖ የተረፈ የመጀመሪያው ቡድን ነው።

በ2006 ፖርትስማውዝ ሄደ። በ2008 ኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የቀድሞ ክለቡን ዌስት ብሮምን በሱ ጎል 1 ለ 0 ጣሉ። ግንቦት 17 በዌምብሌይ ፍጻሜ ካርዲፍን 1 ለ 0 ረቱ፤ ያገባው አሁንም ካኑ ነው። ፖርትስማውዝ ያን ዋንጫ ከዚያ በፊት ያነሳው በ1939 ነበር። ካኑ ያኔ 31 ዓመቱ ነው። በ2010 ደግሞ ክለቡ በዕዳ ተዘፍቆ ከሊጉ ወረደ። እሱ ግን ኳስ እስኪያቆም ድረስ እዚያው ቆየ።

ለናይጄሪያስ? የአፍሪካ ዋንጫ ለምን አላነሳም?

ይህ ያሳዝነኛል። ናይጄሪያ ዋንጫውን በ1994 እና በ2013 አንስታለች። በመጀመሪያው ጊዜ ካኑ ለዋናው ቡድን አልተጫወተም ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ወጥቷል። በመሐል ያለው ዘመን በሙሉ የሱ ነው።

በመሐሉ ፖለቲካ ገባ። በኅዳር 1995 የሳኒ አባቻ ወታደራዊ መንግሥት ጸሐፊውንና የመብት ተሟጋቹን ኬን ሳሮ ዊዋን ሰቀለ። ኔልሰን ማንዴላ አጥብቀው ተቃወሙ። የ1996ቱ ዋንጫ የሚዘጋጀው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ ነበር። አባቻ ቡድኑን ከውድድሩ አስወጣ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በምላሹ ናይጄሪያን ከ1998ቱም አገደ። ብራዚልን የጣለው ትውልድ በምርጥ ዕድሜው ሁለት የአፍሪካ ዋንጫ በዚህ ምክንያት አመለጠው።

በ2000 ሌጎስ ላይ ፍጻሜ ደረሱ። ከካሜሩን ጋር 2 ለ 2 አለቀና ወደ መለያ ምት ሄዱ። የኢክፔባ ምት አግዳሚውን መትታ መስመሩን አልፋ ነበር፤ ዳኛው አላጸደቁትም። ካሜሩን አነሳች። ከዚያ በኋላ ናይጄሪያ በ2002፣ በ2004፣ በ2006 እና በ2010 ሦስተኛ ወጣች።

በዓለም ዋንጫ በ1998፣ በ2002 እና በ2010 ተሰልፏል። ጎል አላገባም። በአጠቃላይ ለሀገሩ ከ80 በላይ ጨዋታ አድርጎ በ2010 ከዓለም ዋንጫው በኋላ ተሰናበተ።

ናይጄሪያ እኛን ስታሸንፈን ነበረበት?

ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በደርሶ መልስ ስንገናኝ አልነበረም። ያ በጥቅምትና በኅዳር 2013 ነው። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ካኑ ያኔ ኳስ አቁሟል። ስለዚህ በዚያ ቁስል እሱን አትውቀሱት።

የልብ ድርጅት አለው የሚባለው ምንድን ነው?

ካኑ ኸርት ፋውንዴሽን ይባላል። በ2000 አቋቋመው። የልብ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናትና ወጣቶች ወደ ውጭ ልኮ ያሳክማል። ቤተሰባቸው መክፈል የማይችል ልጆች ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀዶ ጥገና አግኝተዋል።

ልብ አድርጉ፤ ድርጅቱን የከፈተው ኳስ ካቆመ በኋላ አይደለም። ገና 24 ዓመት ገደማ ነው፤ አርሰናል ውስጥ እየተጫወተ ነው። ብዙ ተጫዋቾች በጎ ሥራ የሚጀምሩት ጫማ ከሰቀሉ በኋላ ነው። እሱ ግን ከተኛበት አልጋ ከተነሳ አራት ዓመት ሳይሞላ የሌላውን ልጅ አሰበ። እኔ ከሐትሪኩም ከወርቁም ይህን አስበልጣለሁ።

ጎንደር ውስጥ ልጄ ኳስ ይጫወታል። ልቡን ላስመርምር?

ሐኪም አይደለሁም። ግን አሠልጣኝ ማወቅ ያለበትን ልንገራችሁ።

እኛ ሀገር ልጆችን የሚያጠቃው የልብ ቫልቭ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቶንሲል ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ልብ ይጎዳል። በብዛት የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ የኔ ሠልጣኞች ዕድሜ ማለት ነው። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያክምም። መድማትና ኢንፌክሽን ይጨምርበታል እንጂ። በሽታው ከያዘው ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ አለ። ሳያቋርጡ መወጋት ነው። "ተሽሎታል" ብለው የሚያስቆሙ ወላጆች አሉ፤ እባካችሁ አታስቁሙ።

ሜዳ ላይ የማያቸውን ምልክቶችም ልንገራችሁ። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ያለከልካል። ልዩነቱ ግን ይታያል። እኩዮቹ አርፈው ሲስቁ እሱ ገና ትንፋሹ ካልተመለሰ፣ እየሮጠ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ልቤ ይመታል ካለ፣ መገጣጠሚያው እየተዘዋወረ ካበጠ፣ ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ያን ቀን ጨዋታው ያበቃል። "ሰነፍ ነህ፣ ዙር ጨምር" አይባልም። እኛ አሠልጣኞች ይህን ቃል መተው አለብን። ልጁ በሰው ፊት ሰነፍ እንዳይባል ሲል ሕመሙን ይደብቃል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄዳችሁ ምልክቶቹን በዝርዝር ንገሯቸው። ሐኪሙ በማዳመጫ ይሰማል፤ ካስፈለገ ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) እና የልብ አልትራሳውንድ ያዛል። አልትራሳውንዱ አያምም፤ መርፌም የለውም። ልጆች ይፈሩታል፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ልጅ ሲገኝ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት የልብ ማዕከል አለ። ወረፋው ረጅም ነው። በጊዜ መድረስ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ልቡ የታመመ ልጅ ኳስ ይተዋል ማለት ነው?

የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እኔም አይደለሁም፣ አባቱም አይደለም፣ የካኑ ታሪክም አይደለም። አንዳንድ ሰው "ካኑም ተጫውቷል" ብሎ ልጁን ወደ ሜዳ ይመልሳል። ካኑ የተመለሰው ታክሞና ተፈቅዶለት ነው። መጫወት የተከለከለ ልጅ ካጋጠማችሁ ከቡድኑ አታውጡት። ማልያ ስጡት። ሰዓት ይያዝ፣ የጨዋታ መዝገብ ይጻፍ፣ ትንንሾቹን ኳስ መቀበል ያስተምር። ኳስ የሚወድ ልጅ ቤት ሲውል ሁለት ጊዜ ይታመማል።

ከኤቶና ከድሮግባ ማን ይበልጣል?

በጎል ከሆነ ሁለቱም ይበልጡታል፤ ክርክር የለውም። ኤቶ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ አንደኛ ጎል አግቢ ነው። ድሮግባ በ2012 ሙኒክ ላይ ለቼልሲ ያደረገውን ሁላችሁም አይታችኋል። በእግር ጥበብ ከሆነ ከካኑ በላይ የማስቀምጠው ኦኮቻን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ፒያሳ ያሉ ጓደኞቼ አይስማሙኝም። አይስማሙ።

አሁን ምን ይሠራል?

ፋውንዴሽኑን ይመራል። በ2023 ደግሞ የናይጄሪያው ታላቅ ክለብ ኢንዪምባ የቦርድ ሰብሳቢ ሆኖ ተሹሟል።

ልጆቹን የትኛውን ጨዋታ ላሳያቸው?

ከሦስት ደቂቃ ቅንጭብ አትጀምሩ። በቅንጭብ ካኑ አብዶ ብቻ ይመስላል። የብራዚሉን ጨዋታ ከኢክፔባ ጎል ጀምሮ እስከ መጨረሻው አሳዩአቸው። ኳስ ሳይዝ የት እንደሚቆም ይመልከቱ። እንዴት ቀና ብሎ እንደሚያይ፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት እንዴት ትከሻውን እንደሚያዞር ይመልከቱ። ቀጥሎ የቼልሲውን 15 ደቂቃ። ሦስተኛዋን ጎል መልሳችሁ አሳዩና ካኑ መስመሩ ጫፍ ሲደርስ አቁሙት። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የኔዎቹ ግማሾቹ "አሻግራለሁ" ይላሉ፣ ግማሾቹ "ማዕዘን ምት አወጣለሁ" ይላሉ። እስካሁን "እመታለሁ" ያለችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። አሁን ፊት ላይ የማሰልፋት እሷን ነው።